ከአሠልጣኝ ደብተር ቼዝ የሚማር ፕሮግራም፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ ከደብረ ብርሃን

ጥቅምት፣ መነሻ

ዓላማው አንድ የቼዝ ፕሮግራም ጥሩን እርምጃ ከመጥፎው መለየትን ሰው ከጻፈው አስተያየት ብቻ እንዲማር ማድረግ ነው። መነሻዬ፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ውስጥ ወጣቶችን ለረጅም ዓመታት ቼዝ ያሠለጠኑና ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው መምህር፣ የተማሪዎቻቸውን ጨዋታ ከነአስተያየታቸው የመዘገቡባቸው ደብተሮች ናቸው። ደብተሮቹን ሲሰጡኝ «ልጄ፣ ይኼን የጻፍኩት ለልጆቹ ነው እንጂ ለማሽን አይደለም፤ ቢያንስ ስድቡን አውጣው» አሉኝ። ስድቡን አላወጣሁትም፤ ምክንያቱን ኋላ ላይ እጽፈዋለሁ።

ሐሳቡ የእኔ ፈጠራ አይደለም። በ2018 እ.ኤ.አ. የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ11 ሺህ ጨዋታዎች የተሰበሰቡ ከ298 ሺህ በላይ የእርምጃና የአስተያየት ጥንዶችን አዘጋጅተው፣ ኮምፒውተር በየእርምጃው ላይ አስተያየት እንዲጽፍ ሞክረዋል። በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሴንቲሜት (SentiMATE) የተባለ ጥናት ደግሞ ነገሩን ገልብጦ፣ አስተያየቱ ምስጋና ይሁን ወቀሳ ለይቶ በዚያ መሠረት እርምጃን የሚመዝን ፕሮግራም ሠራ፤ አንድ እርምጃ ብቻ ወደ ፊት በሚታይበት ጨዋታም ዲፕቼስ የተባለውን ዘዴ ተከትሎ የተሠራ ተፎካካሪ አሸንፏል። ተቃራኒው መንገድ በ2017 እ.ኤ.አ. የታወቀው አልፋዜሮ የተባለው ፕሮግራም መንገድ ነው፤ እርሱ ከጨዋታው ደንብ በቀር ምንም ሳይነገረው 44 ሚሊዮን ያህል የቼዝ ጨዋታ ከራሱ ጋር ተጫውቶ ነው የተማረው። ለዚያ ዓይነት ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ ልዩ ፕሮሰሰሮች ያስፈልጋሉ። እኔ ዘንድ ያለው ግራፊክስ ካርድ የሌለው ባለ 8 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕ ስለሆነ፣ አዋቂ ሰው አስቀድሞ ያሰበውን መጠቀም ለእኔ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው።

የቼዝን ደንብ የሚያውቀውን ፓይተን-ቼስ የተባለ ላይብረሪ (ዝግጁ የኮድ ስብስብ)፣ ከዳታ ለሚማረው ሞዴል ሳይኪት-ለርንንና ፓይቶርችን፣ ለማመሳከሪያ ደግሞ ስቶክፊሽ የተባለውን ጠንካራ የቼዝ ፕሮግራም ጫንኩ። ሁሉም በነጻ ይገኛሉ። ገንዘብ የሚወጣው ለኢንተርኔት ጥቅልና ለትየባ ነው። መብራት ስለሚቆራረጥ ፕሮግራሙ በየጥቂት ደቂቃው የደረሰበትን ወደ ፋይል እንዲያስቀምጥ ከመጀመሪያው አዘጋጅቼዋለሁ።

ጥቅምት መጨረሻ፣ ትየባ

ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚለቅመው ቴሰራክት የተባለ ፕሮግራም የታተመ አማርኛ ያነባል፤ የጋሼን የእጅ ጽሑፍ ሲሰጡት ግን የሚያወጣው ፊደል ለምንም አይሆንም። ስለዚህ የቼዝ ክበቡ ልጆች በስልካቸው እየተየቡ በቴሌግራም እንዲልኩልኝ፣ በገጽ 20 ብር እንድከፍላቸው ተስማማን። የመጣው ጽሑፍ ደኅና ነበር፤ ነገር ግን ገሚሶቹ አራት ነጥብን በትክክለኛው ምልክት ሲጽፉ ገሚሶቹ ሁለት ነጥብን ደግመው ይጽፋሉ፤ ለዓይን አንድ ቢመስልም ለኮምፒውተር የተለያዩ ምልክቶች በመሆናቸው ዓረፍተ ነገር የሚከፍለው ኮድ የአንዳንዱን ልጅ ገጽ በሙሉ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆጠረው። አንድ መስመር መተኪያ ኮድ ፈታው።

የበለጠ ጊዜ የወሰደው የእርምጃ አጻጻፍ ነው። ጋሼ ፈረስን «ፈ»፣ ንጉሥን «ንጉ»፣ ንግሥትን «ንግ» ብለው ያሳጥራሉ፤ በችኮላ የተጻፈ «ጉ» ከ«ግ» ጋር ስለሚመሳሰል በትየባ ላይ ንጉሥና ንግሥት ቦታ ይለዋወጣሉ። እዚህ ላይ ፓይተን-ቼስ ትልቅ ረዳት ሆኗል፤ ደንብ የጣሰ እርምጃ ሲገባ አልቀበልም ብሎ ይቆማልና። ችግሩ፣ የተሳሳተው እርምጃ በአጋጣሚ ከደንቡ ጋር ከተስማማ ዝም ብሎ ያልፍና ስሕተቱ የሚታወቀው ብዙ እርምጃ ካለፈ በኋላ፣ ባዶ ካሬ ላይ የሌለ መሣሪያ (የቼዝ ጠጠር) ሲታዘዝ ነው። «ፈ-ዲ2» (ፈረስ ወደ ዲ2 ካሬ፤ ካሬዎቹ በፊደልና በቁጥር ይጠራሉ) የሚለው ደግሞ በቢ1 ያለው ፈረስ ነው ወይስ በኤፍ3 ያለው? ጋሼ ሰሌዳው ፊታቸው ስለነበር ያን መለየት አላስፈለጋቸውም። እንዲህ ያሉትን ጨዋታዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሌዳ ዘርግተን አብረን እየተጫወትን አስተካከልናቸው።

ኅዳር፣ ጽሑፉን ማጽዳት

ሠ ወደ ሰ፣ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ እንዲቀየሩ አደረግሁ፤ ያለበለዚያ «ንግሥት»ና «ንግስት» ሁለት የተለያዩ ቃላት ይሆናሉ። የአማርኛ ግሥ ብዙ መልክ ስላለው ሙሉ ቃል ከመቁጠር ይልቅ ከሁለት እስከ አምስት ፊደል ያላቸውን ቁራጮች መቁጠር የተሻለ ውጤት ሰጥቷል፤ «ይጠቅማል»፣ «ጠቅሞታል» እና «የሚጠቅም» ሙሉ በሙሉ ባይገናኙም የሚጋሩት ቁራጭ አይጠፋም።

አሉታው ግን አስቸገረ። «አይጠቅምም» ውስጥ የ«ጠቅም» ቁራጭ ስላለ አስተያየቱን የሚለየው የጽሑፍ ሞዴል ወቀሳውን ምስጋና አድርጎ ያነበዋል። በ«አል»፣ «አይ»፣ «አት» ወይም «አን» ጀምሮ በ«ም» የሚያልቀውን ቃል ሁሉ የአሉታ ምልክት የሚለጥፍበት ኮድ ጻፍኩ፤ «አንድም»ና «አልፎም» የመሳሰሉት በዚያው ወጥመድ ስለገቡ የማይነኩ ቃላት ዝርዝር ማዘጋጀት ግድ ሆነ። መጨረሻቸው ላይ «ም» የሌላቸው፣ እንደ «ባይበላው»፣ «ካልሸሸ»፣ «ሳይደግፍ» ያሉት ደግሞ ሌላ ደንብ ይፈልጋሉ። ደንብ የማያድነው አንድ ቃል አለ፦ «ያልተጠበቀ» እርምጃ ሲባል አድናቆት ነው፣ «ያልተጠበቀ» ፈረስ ሲባል ግን ጠባቂ የሌለው፣ ሊበላ የደረሰ ፈረስ ነው። ከቃሉ ቀጥሎ የመሣሪያ ስም ካለ ወቀሳ ነው የሚል ደንብ አስገብቼ ወደሚቀጥለው አለፍኩ።

ኅዳር መጨረሻ፣ መለያ መስጠት

ውርጩ ጠዋት ጠዋት ጣት ስለሚያደርቅ ሥራው ከሰዓት በኋላ ብቻ ሆነ። ሁለት የክበቡ ልጆች አንዱ የሌላውን ሳያይ እያንዳንዱን አስተያየት «ምስጋና»፣ «ወቀሳ» ወይም «ሌላ» ብለው ለዩ። ከአስተያየቶቹ ግማሽ ያህሉ «ሌላ» ሆኑ። ከላይ የጠቀስኳቸው የካርኔጊ ሜለን ተመራማሪዎችም አስተያየትን እርምጃውን የሚገልጽ፣ ጥራቱን የሚናገር፣ ከሌላ እርምጃ የሚያነጻጽር፣ ዕቅዱን የሚያስረዳ፣ የጨዋታውን ሁኔታ የሚያወሳ እና አጠቃላይ ብለው በስድስት ከፍለዋል። የጋሼ ደብተር ከዚህ ሌላ ሰባተኛ ክፍል አለው፤ እርሱም ምክር ነው። «ምሳ ሳትበላ ለውድድር አትምጣ» የሚለው ከአንድ የሩክ እርምጃ ጎን ተጽፎ ይገኛል።

ልጆቹ ያልተስማሙባቸውን አንድ በአንድ ሳይ አብዛኞቹ ሽሙጥ ናቸው። አንዱን እዚህ ላስፍረው። ነጭ ኢ4፣ ጥቁር ኢ5፤ ነጭ ፈረሱን ወደ ኤፍ3፣ ጥቁር ወታደሩን ወደ ዲ6፤ ነጭ ቢሾፑን ወደ ሲ4፣ ጥቁር ቢሾፑን ወደ ጂ4፤ ነጭ ሁለተኛ ፈረሱን ወደ ሲ3፣ ጥቁር ወታደሩን ወደ ጂ6። አሁን ነጭ የኤፍ3ን ፈረስ አንሥቶ በኢ5 ያለውን ወታደር በላ፤ ፈረሱ ሲነሣ የጥቁር ቢሾፕ በዲ1 ወዳለችው ንግሥት መንገዱ ተከፈተለት፤ ጥቁርም ንግሥቲቱን በላ። ቀጥሎ የነጭ ቢሾፕ ኤፍ7 ላይ ቼክ ይላል (ንጉሡን ያጠቃል)፣ ንጉሡ ወደ ኢ7 ይወጣል፣ የሲ3 ፈረስ ዲ5 ላይ ማት ያደርገዋል (ማምለጫ አሳጥቶ ያሸንፈዋል)። በ18ኛው መቶ ዘመን በነበረ ፈረንሳዊ ተጫዋች ስም የሌጋል ማት የሚባለው ነው። ጋሼ ንግሥቲቱ ከተበላችበት እርምጃ ጎን እንዲህ ጽፈዋል፦ «ጎበዝ! ንግሥት የመሰለች ሲሳይ ማን ይተዋል? ለንጉሡ ቀብር ግን ከወዲሁ ዘመድ ይጥራ። ፈረሱን በወታደር ቢበላ ይሻል ነበር፤ የሚከስረው አንድ ወታደር ብቻ ነው።»

የመጀመሪያው የጽሑፍ ሞዴል ለዚህ አስተያየት ከፍተኛ የምስጋና ነጥብ ሰጠ፤ «ጎበዝ»ም የቃለ አጋኖ ምልክቱም በሌላ ቦታ ሁሉ ከእውነተኛ ምስጋና ጋር ስለሚመጡ ሊፈረድበት አይችልም። ጽሑፉን ብቻ ይዞ ሽሙጥን መለየት በዚህ የዳታ መጠን እንደማይቻል ከተረዳሁ በኋላ፣ ተመስጋኙ ተጫዋች በቀጣዮቹ ጥቂት እርምጃዎች ማት ከሆነ ወይም ብዙ ከከሰረ ያ አስተያየት ለሰው ዓይን ተለይቶ እንዲቀመጥ አደረግሁ። መለያውን የሚወስነው ግን ሰው ነው፤ ኮምፒውተሩ በውጤቱ እንዲወስን ከፈቀድኩ ከአስተያየት ሳይሆን ከውጤት መማር ይሆንብኛል። የደብተሩ ስድብ የሚጠቅመውም እዚህ ነው፤ ጋሼ ሲሰድቡ በፍጹም አያሾፉም፣ ስለዚህ ስድብ ያለበት አስተያየት ከሁሉም በላይ የሚታመን ወቀሳ ሆኖ ተገኝቷል።

ታኅሣሥ፣ የመጀመሪያው ተጫዋች

ከጽሑፍ ሞዴሉ ቀጥሎ ሰሌዳ አይቶ እርምጃን የሚመዝን ሌላ ሞዴል ያስፈልጋል። ሰሌዳውን በቁጥር የማስቀመጡ ሥራ ቀላል ነው። ስድስት ዓይነት መሣሪያ በሁለት ቀለም 12 ይሆናል፤ በ64 ካሬ ሲባዛ 768 ቦታ። ከእርምጃው በፊት ያለው ሰሌዳና በኋላ ያለው አብረው ሲገቡ 1,536። ከዚያ ኒውራል ኔትወርክ (ቁጥሮችን በየክብደታቸው እየደመረ የሚማር ሞዴል)፦ 128 ኒውሮን ያለው አንድ ንብርብር፣ መጨረሻ ላይ አንድ ነጥብ። ይህ ወደ 197 ሺህ የሚጠጉ ተስተካካይ ቁጥሮች አሉት፤ እኔ ያለኝ የተለየ አስተያየት ደግሞ ጥቁርና ነጭን ገልብጬ ካባዛሁት በኋላ እንኳ ጥቂት ሺህ ብቻ ነው። የሚጠበቀው ሆነ፤ የተማረውን በቃሉ ያዘ፣ ባላየው ጨዋታ ላይ ግን ሳንቲም ከመወርወር አልተሻለም። ለመፈተኛ የሚቀመጠው ዳታ በእርምጃ ሳይሆን በሙሉ ጨዋታ መለየት እንዳለበትም ልብ ይሏል፤ የአንድ ጨዋታ ተከታታይ እርምጃዎች ተመሳሳይ ሰሌዳ ስላላቸው ቢቀላቀሉ ፈተናው ከመልሱ ጋር ይሰጣል።

ተጫዋች አድርጌ ሳስነሣው በተገኘው አጋጣሚ ንግሥቱን ይሰዋል። ይህም በታሪክ የታወቀ ጉዳይ ነው፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪው ዶናልድ ሚቺና ባልደረቦቹ የታላላቅ ተጫዋቾችን ጨዋታ ያስተማሩት ፕሮግራም፣ ታላላቆቹ ንግሥት የሚሰዉት ሲያሸንፉ ብቻ በመሆኑ፣ ንግሥት መስጠት ራሱ የማሸነፊያ መንገድ ነው ብሎ ደምድሞ ነበር። የአስተያየት ዳታ ይህን ያባብሰዋል። አስተያየት ሰጪ የሚያደንቀው የሚያስደንቀውን ነው፤ በከንቱ ንግሥቱን የጣለ ልጅ ደብተር ውስጥ የሚያገኘው አንድ «ኧረ ተው!» ሲሆን፣ በሚገባ የሰዋው ግን ግማሽ ገጽ ያገኛል። ተራው፣ ጤናማው እርምጃ ደግሞ ምንም አይጻፍበትም። ከዝምታ ውጭ ያለው ሁሉ ወይ ድንቅ ወይ አሳፋሪ ከሆነ፣ ሞዴሉ መካከለኛውን ከየት ይማረው?

ለጊዜው ሁለት ነገር ለወጥኩ። ኒውራል ኔትወርኩን ትቼ በእጅ የተመረጡ ጥቂት ደርዘን መለኪያዎች ያሉት ቀላል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን (ለእያንዳንዱ መለኪያ አንድ ክብደት ሰጥቶ የሚደምር ሞዴል) አደረግሁ፦ እርምጃው መሣሪያ በላ ወይ፣ የደረሰበት ካሬ ይጠቃል ወይ፣ ጠባቂ አለው ወይ፣ በመክፈቻ አንድ መሣሪያ ሁለት ጊዜ ተነሣ ወይ፣ ንጉሡ ሮክ አደረገ (ከሩኩ ጋር በአንድ እርምጃ ቦታ ቀይሮ ተጠለለ) ወይ፣ የመሳሰሉት። ሁለተኛ፣ ያልተጻፈባቸውን እርምጃዎች ከዳታው ማውጣቱን ተውኩ፤ ደካማ ክብደት ያለው «ደኅና» የሚል መለያ ሰጠኋቸው። ንግሥት መጣሉ ቀነሰ፣ አልጠፋም።

ጥር፣ «ይሻል ነበር»

ከበዓሉ በኋላ የደብተሩን አስተያየቶች እንደገና ሳነብ፣ ከላይ በሌጋል ማት ላይ ያለው የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ዓይነት በየገጹ እንደሚደጋገም አየሁ፦ «ቢሾፑን ወደ ኋላ ቢመልስ ይሻል ነበር»፣ «መጀመሪያ ሮክ ቢያደርግ ኖሮ»፣ «ባይበላው»። እስካሁን እነዚህን በጅምላ ወቀሳ ብዬ አስቀምጫቸው ነበር፤ ከወቀሳ ግን እጅግ የሚበልጥ ነገር ይዘዋል። በአንድ ሰሌዳ ላይ ሁለት እርምጃ ጠቅሰው የትኛው እንደሚበልጥ ይናገራሉ። ሰሌዳው አንድ ስለሆነ፣ ጨዋታው በጠቅላላ ለማን ያደላል የሚለው ጥያቄ ይወድቅና የሚቀረው የእርምጃዎቹ ልዩነት ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ «ቢ…» ብሎ የሚጀምር ግሥና «ይሻል ነበር» ወይም «ኖሮ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ የሚያወጣ ኮድ ጻፍኩ፤ የመሣሪያውን ስምና የሚሄድበትን ካሬ ከዓረፍተ ነገሩ ለቅሞ፣ በዚያ ሰሌዳ ላይ ከደንቡ ጋር የሚስማማው እርምጃ አንድ ብቻ ሲሆን በራሱ ይመዘግባል፣ ከአንድ በላይ ሲሆን ለሰው ያቆያል። ካሬ ያልተጠቀሰባቸው ብዙ ናቸው፤ እነርሱን ጋሼ ራሳቸው ተቀምጠው ሞሉልኝ፣ በመሐልም ከራሳቸው የድሮ አስተያየት ጋር ሲጣሉ ሰማኋቸው። ስልጠናውም ተቀየረ፦ ሞዴሉ ለአንድ እርምጃ ፍጹም ነጥብ መስጠት ሳይሆን፣ የተመረጠው እርምጃ ከተወቀሰው የሚበልጥ ነጥብ እንዲያገኝ ብቻ ይጠየቃል። ከጠቅላላው ዳታ ትንሹን ክፍል ይዞ ከቀድሞው ሁሉ የተሻለ ሠራ፤ ንግሥቱንም መጣል ተወ፣ ምክንያቱም ከተወቀሱት ወገን ያለምክንያት መሣሪያ የሚጥሉ እርምጃዎች በብዛት አሉ።

ቀላል ሞዴል መጠቀም ሌላ ጥቅም አለው፤ ክብደቶቹ ይነበባሉ። ትልቁን ወቀሳ ያገኘው መለኪያ በመክፈቻ አንድ መሣሪያ ደጋግሞ ማንሣት ሲሆን፣ ጋሼን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን አይቶ መሳቁ አይቀርም።

በዚሁ ሰሞን ጋሼ «ለምን በአገራችን በሰንጠረጅ አትሞክረውም?» አሉኝ። ሐሳቡ ያጓጓል፤ ጨዋታው በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ሳይቀር ይታወቅ ነበር፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው ከሞላ ጎደል የጠፋው። ነገር ግን በየእርምጃው የተጻፈ አስተያየት የለውም፤ በዚያ ላይ የመጀመሪያው መሣሪያ እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ስለሚያንቀሳቅሱ፣ ተራ በተራ መጫወትን መሠረት ያደረገው የፍለጋ ኮድ መጀመሪያው ላይ አይሠራም። ለሌላ ጊዜ።

የካቲት፣ ፍለጋና ሁለተኛ አሠልጣኝ

የአስተያየቱን ነጥብ ብቻውን መጠቀም ትቼ የሒሳብ ሊቁ ክሎድ ሻነን በ1950 እ.ኤ.አ. ካቀረበው የመሣሪያ ቆጠራ ጋር ደመርኩት፦ ንግሥት 9፣ ሩክ 5፣ ቢሾፕና ፈረስ 3፣ ወታደር 1። በላዩ ላይ አልፋ-ቤታ ፍለጋ ጨመርኩ፤ ይህ ወደ ፊት ያሉትን እርምጃዎች እያየ የማይጠቅመውን ቅርንጫፍ ሳያይ የሚቆርጥ ዘዴ ነው። ከመነሻው ሰሌዳ ነጭ 20 እርምጃ አለው፤ ጥቁር ሲመልስ 400 ይሆናል፣ ነጭ እንደገና ሲጫወት 8,902። ኮዱን የጻፍኩበት ቋንቋ ፓይተን ዝግ ያለ ስለሆነ ከሦስት እርምጃ በላይ ማየት ተፎካካሪውን ሻይ ያስጠጣል።

እዚህ ላይ ያልጠበቅሁት ነገር ተገኘ። የአስተያየቱን ነጥብ ለመመዘኛነት ሳይሆን እርምጃዎችን በቅደም ተከተል ለማሰለፍ ስጠቀምበት፣ ማለትም ጋሼ ያመሰግኑት ነበር የተባለው እርምጃ መጀመሪያ እንዲታይ ሳደርግ፣ አልፋ-ቤታ ብዙ ቅርንጫፍ ሳያይ መቁረጥ ቻለ። አልፋ-ቤታ ጥሩውን እርምጃ አስቀድሞ ካየ ሥራው እንደሚቀል የታወቀ ነው፤ ያ ቅደም ተከተል ከሰው ጽሑፍ መምጣቱ ነው ለእኔ አዲስ። ማን እያሸነፈ እንደሆነ ለመናገር መሣሪያ መቁጠር ከጽሑፉ ይሻላል፤ ቀድሞ የቱን ማየት እንደሚገባ ለመናገር ግን ጽሑፉ ይበልጣል። ከዚህ በኋላ የአስተያየቱን ነጥብ ለማሰለፍ ብቻ እጠቀምበታለሁ፤ በመመዘኛው ውስጥ የቀረለት ድርሻ እኩል የሆኑትን መለየት ብቻ ነው።

ጣርማ በርን ወርጄ ሸዋ ሮቢት ከሚገኝ ሌላ አሠልጣኝ የጥቂት ውድድሮች ማስታወሻ አመጣሁ። ከጋሼ ጋር ፈጽሞ አይመሳሰልም፦ «ጥሩ»፣ «አይ»፣ «ጊዜ ማባከን»። ሽሙጥ የለም፣ ምክር የለም፣ «ይሻል ነበር» የሚለውም ከስንት አንዴ ነው። በጋሼ ጽሑፍ የሠለጠነው የጽሑፍ ሞዴል አጭሩን «አይ» ከአሉታው ኮድ ጋር እያጋጨ አብዛኛውን ሳተ። ለእርሳቸው ለብቻ ጥቂት ገጽ መለያ ሰጥቼ ማሠልጠን ነበረብኝ። እርምጃን የሚመዝነው ሞዴል ግን ብዙም አልተናጋም፤ ሁለቱ አሠልጣኞች አነጋገራቸው ቢለያይም የሚጠሉት እርምጃ አንድ ነው።

መጋቢት፣ ግጥሚያ

ሦስት ተጫዋቾች ተጋጠሙ፦ እንዳጋጠመው የሚጫወት፣ መሣሪያ ብቻ የሚቆጥር፣ እና የጋሼን ጽሑፍ የተማረው። እንዳጋጠመው የሚጫወተውን በቀላሉ አሸነፈ። አንድ እርምጃ ብቻ በሚታይበት ጊዜ ቆጣሪውንም ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ያህል አሸንፏል፤ መክፈቻው ላይ መሣሪያዎቹን ቀድሞ ስለሚያወጣ። የፍለጋው ጥልቀት ሁለት ሲሆን ልዩነቱ ጠበበ፤ ሦስት ላይ ከእርምጃ ጥራት ይልቅ በፍጥነት ነው የሚበልጠው። የመጨረሻው ምዕራፍ፣ ማለትም ጥቂት መሣሪያ ሲቀር ያለው ጨዋታ፣ ደካማ ነው፤ ልጆቹ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ በፊት ስለሚሸናነፉ ደብተሩ ውስጥ ስለ ወታደርና ንጉሥ ጨዋታ የተጻፈው በጣም ትንሽ ነው።

ጋሼ ግጥሚያውን ተመልክተው «መክፈቻው የእኔ ነው፤ መጨረሻው የማን እንደሆነ እንጃ» አሉ። ቀጣዩ ሥራ በዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ የተሸነፈባቸውን ጨዋታዎች ከነሰሌዳ ሥዕላቸው፣ ጎኑ ሰፊ ባዶ ቦታ ባለው ወረቀት አሳትሜ እሰጣቸዋለሁ፤ እርሳቸው በሚወቅሱት እርምጃ ሁሉ ላይ የተሻለውን ከነካሬው እንዲጽፉ ተስማምተናል። ኅትመቱ በገጽ 10 ብር ነው፤ ለመጀመሪያው ዙር ከ35ኛው እርምጃ በኋላ ያለውን ብቻ አሳትማለሁ።